የጋራ ሽንት ቤት ቁልፍ፦ የከተማ ጽዳት ፕሮግራሞችና ገንዘባቸው ከካዛንቺስ ሲታዩ

የከተማ ጽዳት ፕሮግራም ምን ያህል ተራመደ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በተገነባው ነገር ብዛት ነው፤ ይህን ያህል ሽንት ቤት፣ ይህን ያህል መኪና፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር የፍሳሽ መስመር። ቂርቆስ ክፍለ ከተማን፣ በተለይም ካዛንቺስን ይዞ ባለፉት አሥርት ዓመታት የመጡትን ፕሮግራሞች ለሚመረምር ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል። የተገነባውን በማግስቱ ማን ያጥበዋል? ሲሞላ ማን ያስመጥጠዋል? ሲሰበርስ ከየት በመጣ ገንዘብ ይጠገናል? የግንባታው ገንዘብ በየጊዜው አበዳሪም ለጋሽም አግኝቷል። የዕለት ተዕለቱ ወጪ ግን እስከ ዛሬ ሁነኛ ባለቤት አላገኘም።

ቂርቆስ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መመልከቻ ነው። ስፋቱ ከ15 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ግን ከ220 ሺህ በላይ ሰው ኖሮበታል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ትልልቅ ሆቴሎች እዚሁ ናቸው። ከሆቴሎቹ ጀርባ ደግሞ በርካታ አባወራ አንድ ጉድጓድ የሚጋራባቸው ግቢዎች ለአምሳ ዓመት ያህል ቆይተዋል። በአገሪቱ የጽዳት ፖሊሲ የተባለውና የሆነው በእግር በሚደረስበት ርቀት ጎን ለጎን የታየው በዚህ ሰፈር ነው።

ከኅዳር 12 እስከ ቀበሌ ቤት

አዲስ አበባ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ቆሻሻዋን የምታስወግደው በወንዞቿና በጅቦቿ ነበር። ሕዝቡን ስለ ጽዳት በጋራ እንዲያስብ ያስገደደው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው። ዓለምን ያዳረሰው ያ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲደርስ በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን እያንዳንዱ ቤት ደጁን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። ልማዱ የያዘው ሐሳብ ልብ ሊባል ይገባል፤ ቆሻሻ የየቤቱ ኃላፊነት ነው፣ የሚወገደውም በዘመቻና በእሳት ነው። ያኔ የሚቃጠለው ቅጠል፣ ገለባና አሮጌ ጨርቅ ነበር። ዛሬ ፌስታልና ጎማ ተጨምሮበታልና ጭሱ ራሱ የጤና ጠንቅ ሆኗል። የዘመቻ ጽዳት ግን በመንግሥታት መለዋወጥ ሳይቋረጥ እስካሁን ዘልቋል፤ ስሙ ይቀየራል፣ መጥረጊያው ያው ነው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም «ኢንቺስ» በአካባቢው ቤቶች ሠርቶ ነበርና «ካዛ ኢንቺስ» የሚለው በአገሬው አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። የሰፈሩን የጽዳት ታሪክ ከዚህ ይበልጥ የወሰነው ግን ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩም ለቤት ችግረኛው እፎይታ በሚሰጥ መጠን ዝቅ ብሎ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ። አዋጁ ብዙ ድሃ ቤተሰብ መሀል ከተማ እንዲኖር አስችሏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁንና ጥቂት ብር የሚከፈልበት ቤት ለጥገና የሚተርፍ ገቢ የለውም። ቀበሌው አከራይ ነው፣ ግን አይጠግንም። ተከራዩ ይኖርበታል፣ ግን የእሱ አይደለምና ገንዘብ አያፈስበትም። ጣሪያው ሲያፈስ አንድ ቤተሰብ ይቸገራል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ግን ግቢው በሙሉ ይቸገራል።

እንዲህ ያለውን የጋራ ሽንት ቤት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በሩ የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ በጓጉንቸር ቁልፍ ይዘጋል። እያንዳንዱ ቤት የቁልፉን ቅጂ በር ሥር በሚስማር ላይ ይሰቅላል፤ ቁልፉ የሌለው መጠቀም አይችልም። የማጠብ ተራ በሳምንት ይዞራል፤ ተራው የሴቶች ነው፣ በጣም አልፎ አልፎ ካልሆነ ወንድ አይገባበትም። ጉድጓዱ ሲሞላ መዋጮ ይሰበሰባል። ስም ዝርዝሩ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ የከፈለ ምልክት ይደረግበታል፣ ያልከፈለ ይለመናል ወይም ቁልፉን ይነጠቃል። መዋጮው ሞልቶ የመምጠጫ መኪናው ሲመጣ መንደሩ ጠባብ ነውና ደጃፍ አይደርስም፤ ቱቦው በሰው ግቢ፣ በሰው ማዕድ ቤት አጠገብ ይዘረጋል። ከጉድጓዱ ውስጥ ፌስታል፣ ጨርቅና ጠርሙስ ካለ ቱቦው ይታፈንና የላይኛው ውሃ ብቻ ተመጥጦ ዝቃጩ እዚያው ይቀራል። ነዋሪው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ግማሽ አገልግሎት አግኝቶ ይመለሳል፤ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል። የደረቅ ቆሻሻ አሰባሰብ ጉድለት የፍሳሹን አገልግሎት የሚያበላሸው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ቃል፣ ብዙ መሥሪያ ቤት

በአማርኛ «ጽዳት» የምንለው ቃል በውስጡ ብዙ ነገር ያጭቃል። መንገድ መጥረግም ጽዳት ነው፣ እጅ መታጠብም፣ ጉድጓድ ማስመጠጥም። በመንግሥት አሠራር ግን እነዚህ የተለያዩ ቤቶች ልጆች ናቸው። ፍሳሹ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፤ ደረቅ ቆሻሻው የከተማው ጽዳት አስተዳደር ነው፤ የግልና የአካባቢ ንጽህና ትምህርት የጤና ቢሮ ነው። የጋራ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከአንዱ፣ ጉድጓዱን የዘጋው ፌስታል ከሌላው፣ ከዚያ የሚነሳው ተቅማጥ ከሦስተኛው ዘንድ ይመዘገባል። በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት አዲስ አበባ ሲገባ ሦስቱም አንድ ጉዳይ መሆናቸው ለጥቂት ወራት በግልጽ ታይቶ ነበር።

ሁለተኛው ልዩነት የቆጠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት መለኪያ ከሌላ ቤተሰብ ጋር የሚጋሩት ሽንት ቤት የቱንም ያህል ንጹህ ቢሆን «መሠረታዊ» ከሚባለው ደረጃ አይገባም፤ «ውስን» ተብሎ ይመዘገባል። ይህን የሚደግፉ ወገኖች የጋራ ሽንት ቤት ማታ ለሴቶችና ለሕጻናት አደገኛ ነው፣ ጽዳቱም ፈጥኖ ይወድቃል ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ ሦስት ጎረቤታሞች በቁልፍ ይዘው የሚጠብቁት ሽንት ቤትና መቶ ሰው የሚረግጠው አንድ ሚዛን ላይ መቀመጥ የለባቸውም ይላሉ። ለካዛንቺስ ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። መለኪያው የጋራውን ማሻሻል እንደ እድገት ስለማይቆጥረው ፕሮግራሞች ያለውን ከማደስ ይልቅ አዲስ ወደ መገንባት ያዘነብላሉ። ቦታ በሌለበት መንደር ግን ለየአባወራው አንድ ሽንት ቤት መሥራት አይቻልም። ሁለተኛው ወገን ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስለኛል።

አገራዊው አኃዝም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1990 ከኢትዮጵያ ሕዝብ 92 በመቶው ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ በ2015 ወደ 29 በመቶ ወርዷል። ከዓለም ፈጣን ከሚባሉት ለውጦች አንዱ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ፍሬም ነው። ይሁንና ለውጡ የመጣው በዋነኛነት ገጠር ላይ ጉድጓድ በመቆፈር ነው። ገጠር ጉድጓድ ሲሞላ ሌላ ይቆፈራል። ካዛንቺስ ላይ ሌላ የሚቆፈርበት መሬት የለም።

የገንዘቡ መንገድ

የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የፍሳሽ መስመርና የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ የተሠሩት በ1970ዎቹ ነው፤ ጣቢያው በቀን 7,500 ሜትር ኪዩብ አካባቢ እንዲያጣራ የታሰበ ነበር። ለረጅም ዘመን ከመስመሩ ጋር የተገናኘው ከነዋሪው ጥቂቱ ብቻ ነው። የዓለም ባንክ በ1999 ዓ.ም. ለከተማ ውሃና ሳኒቴሽን ፕሮጀክት 100 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2004 ዓ.ም. ተጨማሪ 150 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። በ2009 ዓ.ም. ሁለተኛው ፕሮጀክት በ445 ሚሊዮን ዶላር አዲስ አበባንና 22 ከተሞችን ይዞ ተጀመረ። የቃሊቲ ጣቢያም በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ ተደርጎ ሰፋ። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የተገኘ ትልቅ እመርታ ነው።

ጣቢያው ግን የሚያጣራው የደረሰለትን ብቻ ነው። መስመር በአስፋልቱ ሥር ቢያልፍ እንኳ ውሃ የሌለው ደረቅ ጉድጓድ ከመስመር ጋር አይገናኝም። ለመገናኘት ቧንቧ ውሃ፣ የሚለቀቅ መቀመጫ፣ ከግቢው እስከ ዋናው መስመር የሚደርስ ቱቦና ይህን ሁሉ የሚያሠራ የቤት ባለቤት ያስፈልጋል። ሆቴሉ አራቱም አሉት፤ የቀበሌ ቤቱ ግቢ አራቱም የሉትም። ስለዚህ የሕዝብ ብድር የገባበት መስመር አስቀድሞ የሚጠቅመው አቅም ያለውን ነው። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ ነገር ግን ከግቢው እስከ መስመሩ ላሉት የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ሜትሮች የተመደበ ገንዘብ ከሌለ ውጤቱ ሌላ ሊሆን አይችልም።

በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የዋን ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራም የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮችን በአንድ ስምምነት አሰባስቦ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚል መርህ ይዞ መጣ። ወጪው 2.4 ቢሊዮን ዶላር እንደሚሆን ተገምቶ ነበር፤ ለጋሾች ገንዘባቸውን በአንድ የጋራ ቋት እንዲያስገቡ የተደረገበት መንገድም ብዙ ተመስግኗል። የቋቱ ትኩረት ግን ገጠሩና አነስተኛ ከተሞች ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የተቀናጀ የከተማ ሳኒቴሽንና ሃይጂን ስትራቴጂ ሽንት ቤትን፣ ዝቃጭን፣ ደረቅ ቆሻሻንና ጎርፍን አንድ ላይ ያየ ሰነድ ነው፤ በሐሳብ ደረጃ ከዚህ የተሻለ አልተጻፈም ማለት ይቻላል። ሰነዱ አንድ ላይ ያያቸው ጉዳዮች ግን በጀታቸው ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ተለያይቶ ይያዛል።

ከሁሉ ይበልጥ በዓይን የሚታይ ለውጥ ያመጣው ምናልባት ስሙ ጽዳት ያልሆነው ፕሮግራም ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ከዓለም ባንክ 300፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተይዞለት በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰው ለመድረስ ታቀደ። ከተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ነበሩ፤ ማለዳ በየመንደሩ መጥረጊያ ይዘው የወጡት ሴቶችም በዚህ የተመዘገቡ ናቸው። የመንደር ውስጥ ቦይ ሲጸዳ የነበረው በእነሱ ጉልበት ነው። ፕሮግራሙ የድህነት ማቃለያ ስለሆነ አንድ ተጠቃሚ ከሦስት ዓመት በኋላ «ይመረቃል»፤ ወደ ራሱ ሥራ እንዲሸጋገር ይጠበቃል። ሰውየው ቢመረቅም ቦዩ አይመረቅም። ቋሚ ሥራ በጊዜያዊ ድጎማ ላይ ሲቆም የሚፈጠረውን ክፍተት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

ቆሼ፣ ሰንዳፋ፣ ረጲ

የካዛንቺስ ደረቅ ቆሻሻ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መድረሻው ቆሼ የተባለው የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ነው። በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ የተሠራው የሰንዳፋ ዘመናዊ ማስወገጃ ሥራ ጀመረ፤ ሽታውና ፍሳሹ ከብቶቻቸውንና ውሃቸውን እንደጎዳ የገለጹት የአካባቢው አርሶ አደሮች በመቃወማቸው በወራት ውስጥ ተዘጋ። መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ በክምሩ ሥር ቤት ቀልሰው የሚኖሩ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። አንድ ሰፈር ጸዳ የሚባለው ቆሻሻው ወደ ሌላ ሰው ደጅ ስለተወሰደ ብቻ ከሆነ፣ ስለ ቂርቆስ ጽዳት የሚጻፍ ማንኛውም ሪፖርት ይህን ቀን ሳያነሳ ሊዘጋ አይገባም።

ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ያቃጥላል ተብሎ የታቀደ፣ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ፣ በአፍሪካ ፈር ቀዳጅ የተባለ ነው። ደጋፊዎቹ መሬት ይቆጥባል፣ ክምር ያስቀራል ይላሉ፤ ከቆሼ አደጋ በኋላ ይህ ቀላል መከራከሪያ አይደለም። ተቺዎቹ የሚያነሱት የቆሻሻውን ጠባይ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የምግብና የአትክልት ትራፊ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ውሃ ይጠግባል። እርጥቡን ለማድረቅ የሚባክነው ሙቀት ከሚመነጨው ላይ ይቀነሳል። ማመንጫው በታሰበው አቅም አለመሥራቱ ይህን ሙግት አጠናክሮታል። ብስባሹ ወደ ኮምፖስት ቢሄድ፣ ደረቁ ብቻ ቢቃጠል የሚለው አማካይ ሐሳብ አሳማኝ ነው። ይህ ግን ከቤት ለይቶ ማውጣትን ይጠይቃል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ያዘዘውም ይህንኑ ነበር።

ለምን አልተለየም? መልሱ በከፊል የክፍያው ሥርዓት ውስጥ ነው። ከቤት ቤት የሚሰበስቡት ማህበራት ማዳበሪያ ከረጢቱን ከደጃፍ አንስተው፣ በጋሪ ገፍተው ስምንት ሜትር ኪዩብ ወደሚይዘው ገንዳ ያደርሳሉ። ለብዙ ዓመት የተከፈላቸው በሜትር ኪዩብ ነው፤ ገንዳው ሲሞላ ገንዘብ ይሆናል። ለይተው ቢያመጡ ገንዳው ይጎድላል፣ ክፍያውም ይቀንሳል። በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ሃይላንድ ግን መንገድ ላይ ያወጡታል፤ ለብቻው ይሸጣልና። ቆራሌው ደግሞ ከእነሱ ቀድሞ ብረቱንና ጫማውን ገዝቶ ሄዷል፤ እቃው ምናለሽ ተራ ይደርሳል። መለየት የሚሆነው ገበያ ባለው ነገር ላይ ብቻ ነው። ብስባሹ ገዢ የለውም። በሕንዷ ፑኔ ስዋች የተባለው የቆሻሻ ሰብሳቢዎች ኅብረት ሥራ ማህበር አባላት ከየቤቱ ወርሃዊ ክፍያ በቀጥታ ይቀበላሉ፤ የሚሸጠውም የራሳቸው ነው። በዚያ አሠራር ገቢያቸው በቆሻሻው ብዛት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም።

የእኛ ከተማ የቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ የተሰበሰበው በውሃ ቢል ላይ ነው፤ ለዓመታት ከመኖሪያ ቤት የውሃ ሒሳብ 20 በመቶ፣ ከንግድ ቤት 42.5 በመቶ። ብልሃቱ ግልጽ ነው፤ ሰብሳቢ አይቀጠርም፣ አመለጥኩ ማለት ያስቸግራል። እንከኑም ግልጽ ነው። የራሱ ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ተቋም ቆሻሻው ብዙ፣ የውሃ ቢሉ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ብዙ አባወራዎች ደግሞ ፍጆታቸው ተደምሮ ወደ ከፍተኛው የታሪፍ እርከን ይወጣና መቶኛው ከዚያ ላይ ይሰላል። በእኔ እይታ ቢሉ መጥፎ መሰብሰቢያ አይደለም፤ የጎደለው የተሰበሰበው ገንዘብ የት እንደገባ ለከፋዩ የሚታይበት መንገድ ነው። ከብር ተመን ለውጥ ወዲህ ደግሞ ቆሻሻ ጨፍልቆ የሚጭነው መኪና (ኮምፓክተር) መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ፣ ቢሉ በብር መሆኑ ክፍተቱን አስፍቶታል። ኮምፓክተሩ አንድ ሳምንት ሲቆም ገንዳው ይፈስሳል፤ ፍሳሹም ከፍልውሃ ወርዶ ወደሚያልፈው የባንቲቀጡ ወንዝ ይገባል።

ሰፈሩ ሲነሳ

በ2016 ዓ.ም. «ጽዱ ጎዳና፣ ኑሮ በጤና» የሚል አገራዊ ንቅናቄ ለሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ግንባታ ገንዘብ በቴሌቶን አሰባሰበ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። የቀበሌ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሥፍራዎች ተዛወረ። በዚያው ዓመት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚያግድ አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጸደቀ።

ክርክሩ አሁን እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን የጋራ ጉድጓድን ችግር በጥገና መፍታት እንደማይቻል ሃምሳ ዓመት መስክሯል፣ መንደሩ ካልተነሳ መስመር አይገባም ይላል። ከላይ ስለ ሠላሳዎቹ ሜትሮች የተባለው ይህን ሙግት ያግዘዋል፤ የተዘረጋው ቱቦና አዲሱ የሕዝብ መጸዳጃም በዓይን ይታያሉ። ሌላው ወገን ሽንት ቤት የሌለው ሰው ሲነሳ ሽንት ቤት አገኘ ማለት አይደለም፣ ሰፈሩ ጸዳ እንጂ ሰውየው ጸዳ ወይ ተብሎ በሄደበት መጠየቅ አለበት ይላል። ካዛንቺስ ጉልት የምትቸረችረው ሴት ገላን ጉራ ስትሄድ የተሻለ መጸዳጃ ልታገኝ ትችላለች፤ ለትራንስፖርት የምታወጣው ገንዘብ ግን የጽዳቱ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ሁለቱን ወገኖች የሚዳኝ መረጃ የሚገኘው የለቀቀውን ቤተሰብ ተከትሎ በመቁጠር ነው፤ የፕሮግራሞቹ ሪፖርት ግን የሚቆጥረው ቦታን ነው።

የሕዝብ መጸዳጃዎቹም ያው የድሮው ጥያቄ አለባቸው። በቴሌቶን የሚሰበሰብ ገንዘብ ግድግዳ ያቆማል፤ የሳሙናና የውሃ ሒሳብ፣ የጠባቂ ደመወዝ በየወሩ ይመጣል። በደቡብ አፍሪካዋ ደርባን መደበኛ ላልሆኑ ሰፈሮች የተሠሩት የጋራ መታጠቢያና መጸዳጃ ቤቶች የጠባቂያቸውን ደመወዝ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በቋሚነት ይከፍላል፤ ከነዋሪው አይሰበስብም። በእኛ ዘንድ የተለመደው ለተደራጁ ወጣቶች ሰጥቶ ከተጠቃሚ ሳንቲም እንዲሰበስቡ ማድረግ ነው። ሰው በሚበዛበት አደባባይ ያዋጣል። ሰው በሚያንስበት መንገድ ጠባቂው ገቢ ሲያጣ በሩን ቆልፎ ይሄዳል፤ ቁልፉም እንደገና ከሚያስፈልገው ሰው እጅ ይወጣል።

ከሰፈሩ ተነስቶ ወደ ኮንዶሚኒየም የገባውም ቢሆን ከመዋጮ አልወጣም። ሴፕቲክ ታንኩ ሲሞላ፣ የፍሳሽ ማንሆሉ ሲገነፍል፣ የውሃ ፓምፑ ሲቃጠል የሕንጻው ኮሚቴ ይሰበሰባል። ደረጃው ሥር ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ የቤት ቁጥር፣ የሚከፈለው ብር፣ ከፈለ ለሚባለው ባዶ ሣጥን። ደብተር ላይ የነበረው ዝርዝር ወደ ግድግዳ ተዛውሯል፤ ምድር ቤት የሚኖሩት ሽታው ስለሚቀድማቸው አስቀድመው ይከፍላሉ፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ እስኪለመኑ ይቆያሉ።